ከሀዲዱ ስር ስላለው ነገር፦ ለባቡር መስመር ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለባቡር መስመር አስተዳዳሪዎች፣ ለሀዲድ መሐንዲሶችና ለግዢ ክፍል ኃላፊዎች፤

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ስለ ስሊፐር ነው። ከሀዲዱ ስር በአግድም ስለሚነጠፈው፣ ተሳፋሪ ልብ ስለማይለው ዕቃ። ጥያቄዬን ከመጀመሪያው ልናገር። ቀጣዩን የስሊፐር ግዢ ስታዘጋጁ፣ ሪሳይክል ከተደረገ ፕላስቲክ የሚሠራው ኮምፖዚት (ከተለያዩ ቁሶች ተቀላቅሎ የሚሠራ) ስሊፐር ከእንጨቱ ጋር እንዲወዳደር ሰነዱን ክፈቱለት። ስትከፍቱለት ግን ፈተናውን እንዳታቀሉለት። ሁለቱንም እኩል ነው የምጠይቀው።

በዚህ ጉዳይ የሚሰማው ክርክር ሁለት ጫፍ ይዟል። አንዱ ወገን ፕላስቲክ የሚለውን ገና ሲሰማ ጆሮውን ይደፍናል። ሌላው ደግሞ "አይበሰብስም፣ 50 ዓመት ያገለግላል፣ ቆሻሻም ይቀንሳል" እያለ እንጨቱን በሙሉ ባንዴ ሊያስነሳ ይፈልጋል። ሁለቱም ለሀዲዱ አይበጁም። ሀዲድ ላይ የሚሄደው ሰው ነው፤ ጭነት ነው። በስሜት የሚወሰን ነገር አይደለም።

ስሊፐር ምን እንደሚሠራ እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ሌላውም ያነበዋልና በአጭሩ ላስቀምጠው። ስሊፐር ሁለቱን ሀዲዶች በልካቸው አራርቆ ይይዛል። በዓለም ላይ በብዛት በተለመደው መስመር ይህ ርቀት 1,435 ሚሊሜትር ነው። የባቡሩን ክብደት ተቀብሎ ከስሩ ላለው ጠጠር ያከፋፍላል። ሀዲዱ በሙቀት ተወጥሮ ወደ ጎን ሊወጣ ሲል ጠጠሩን ነክሶ ያስቀረዋል። የምልክት ሥርዓቱ በሀዲዶቹ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ከሆነ ደግሞ ከአንዱ ሀዲድ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ይከላከላል። ይህን ሁሉ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት፣ ለአሥርት ዓመታት።

እንጨት ይህን ሥራ ከባቡር መጀመሪያ ዘመን ጀምሮ ሲሠራው ኖሯል። በደንብም ሠርቶታል። ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። እንጨት ሲጫኑት ትንሽ እጥፍ ብሎ ይመለሳል። ምስማር አጥብቆ ይይዛል። ቦታው ላይ በመጋዝ ይቆረጣል፣ በድሪል ይበሳል። ሲያረጅም አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው፤ ለሚያውቅ ሠራተኛ ምልክት እየሰጠ ነው የሚደክመው። በአሜሪካ አብዛኛው ሀዲድ ዛሬም በእንጨት ላይ ነው ያለው። በዓመት ወደ 20 ሚሊዮን ገደማ ስሊፐር እዚያ ይቀየራል።

እንጨቱ ይህን ያህል ዘመን መሬት ላይ የቆየው ግን በክሪዮሶት ነው። ክሪዮሶት ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ተጣርቶ የሚወጣ፣ ሽታው የሚከረፋ ጥቁር ዘይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1838 ጆን ቤትል የተባለ እንግሊዛዊ፣ ዘይቱን በግፊት እንጨት ውስጥ የማስገባት ዘዴን በስሙ አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ፈንገስና ምስጥ ከእንጨቱ የሚርቁት በዚህ ዘይት ነው። ፈንገስንና ምስጥን የሚያርቅ ነገር ደግሞ ለሌላውም ፍጥረት አይመችም። በውስጡ ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉ ውህዶች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ክሪዮሶትን በሰው ላይ ካንሰር የማምጣት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው ብሎ ከሚመድባቸው፣ 2ኤ ከሚባለው ቡድን ውስጥ አስቀምጦታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ፈቃዱን ሲያድስለት ለባቡር ስሊፐርና ለኤሌክትሪክና ስልክ መስመር ምሰሶ ብቻ፣ ያውም እስከ 2029 ብሎ ገድቦታል።

ከወረቀቱ በፊት ግን ሠራተኛው አለ። በሞቃት ቀን ዘይቱ ከእንጨቱ ላይ እየወዛ ይወጣል። ጓንት ላይ፣ ልብስ ላይ፣ ቆዳ ላይ ይለጠፋል። ቆዳ ላይ ያለ ክሪዮሶት ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ሀዲድ ጥገና ላይ ያሉ ሰዎች ይህን ከማንም ቀድመው ያውቁታል፤ ግን የግዢ ኮሚቴ ውስጥ ብዙ ጊዜ ወንበር የላቸውም። ስሊፐሩ አርጅቶ ሲነሳም ጣጣው አያልቅም። ክሪዮሶት የጠጣ እንጨት እንደ ልብ የትም አይጣልም። ለልጆች መጫወቻ ቦታ ወይም ለጓሮ መስጠት ደግሞ ጥፋት ነው። በተገቢው ማቃጠያ ካልተቃጠለ ክምሩ መስመር ዳር ይቀራል።

ለእንጨቱ ፍትሐዊ ልሁንና፣ በመዳብ ላይ የተመሠረቱ ሌሎች መከላከያዎችም አሉ። በአንዳንድ አገሮች ሥራ ላይ ውለዋል። እንጨትን ሙሉ በሙሉ ይተዉ የሚል ሐሳብ የለኝም። ደረቅና ቀዝቃዛ አካባቢ፣ ውኃው በደንብ በሚወርድበት ቀጥ ያለ መስመር ላይ፣ በአግባቡ የታከመ እንጨት ለረጅም ዘመን ያገለግላል። እንጨት ቶሎ የሚሸነፈው ሙቀትና እርጥበት በተገናኙበት ነው። እዚያ ዕድሜው ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ውጪው ደህና መስሎ ልቡ የበሰበሰ ስሊፐር የሚበዛውም እዚያው ነው።

"ታዲያ ኮንክሪት አለ አይደል?" የሚለኝ ይኖራል። አለ። አዲስ መስመር ሲዘረጋ፣ በተለይ ለፈጣን ባቡር፣ ኮንክሪት ጥሩ ምርጫ ነው። ያለውን የእንጨት መስመር ለመጠገን ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። አንድ የኮንክሪት ስሊፐር 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የእንጨቱ 100 ኪሎ አካባቢ ነው። ኮንክሪቱ በጣም ግትር ስለሆነ፣ በእንጨቶች መካከል አንድ ሁለት ብታስገቡ የጎረቤቶቹን ጭነት ሁሉ እሱ ይሸከማል። ስሩ ያለው ጠጠር ይፈጫል፣ መስመሩም ወጣ ገባ ይሆናል። ስለዚህ እየነቀሱ ለመተካት አይመችም። ኮምፖዚት ስሊፐር የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። ልኩ የእንጨቱን ያህል፣ ክብደቱ ለእንጨቱ የቀረበ፣ የእንጨቱን ማሰሪያ የሚቀበል፣ ከእንጨት ጎን ተሰልፎ መሥራት የሚችል።

ነገሩ ትናንት የመጣ ወሬ አይደለም። በአሜሪካ ረትገርስ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ኖስከርና ባልደረቦቹ ይህን ሥራ ከባቡር ድርጅቶችና ከአገሪቱ ጦር መሐንዲሶች ጋር ሆነው የጀመሩት በ1990ዎቹ ነው። የወተትና የሳሙና ጠርሙስ የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን ብቻውን ለሀዲድ በጣም ለስላሳ ነው። እነሱ ከሱ ጋር ግትር የሆነ ሌላ ፕላስቲክ፣ ለምሳሌ ፖሊስታይሪን፣ ቀላቀሉበት። ሁለቱ ፕላስቲኮች በባሕርያቸው አይዋሃዱም። በትክክለኛው መጠንና ሙቀት ሲቀላቀሉ ግን አንዱ በሌላው ውስጥ ቀጫጭን ክር እየሆነ ተጠላልፎ ይይዘዋል። በሌላ ዘዴ ደግሞ የመስታወት ክር ያለበት ፕላስቲክ ይገባበታል። ሌሎች አምራቾች የተፈጨ የመኪና ጎማ ጨመሩ። የመጀመሪያዎቹ ስሊፐሮች በ1990ዎቹ አጋማሽ በፔንሲልቫኒያ አልቱና የባቡር ግቢ ውስጥ ተነጠፉ። ከዚያም በኮሎራዶ ፑዌብሎ ባለው የሙከራ መስመር ገቡ። እዚያ በአንድ አክስል (ጥንድ ጎማ በሚያያይዘው ዘንግ) 35 ቶን ገደማ የሚጫን ከባድ ባቡር ያለ ዕረፍት እየዞረ ዕቃን ይፈትናል።

የቁሱ አቅም እስከ የት እንደሚደርስ ለማሳየት ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በ2010 በቨርጂኒያ ፎርት ዩስቲስ በተባለ የጦር ሰፈር፣ ሪሳይክል ከተደረገ ፕላስቲክ የተሠሩ የባቡር ድልድዮች ተተክለው ሎኮሞቲቭ ተሻግሮባቸዋል። በእንግሊዝ ደግሞ የባቡር መስመሮቹን የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ሬይል በ2021 በዊልትሸር፣ ሸሪንግተን በተባለ ድልድይ ላይ ሪሳይክል ከተደረገ ፕላስቲክ የተሠሩ ስሊፐሮችን በእንጨት ፋንታ አስገብቷል። በአውስትራሊያ ሜልቦርን፣ ሪችመንድ ጣቢያ በ2019 ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። ኔዘርላንድ ውስጥ የሚመረት ዓይነትም አለ፤ ግትርነት እንዲኖረው በፕላስቲኩ ውስጥ የብረት ዘንግ ይገባበታል።

የጃፓኑን ለብቻው ላንሳው፤ ምክንያቱም ሻጮች ሆን ብለውም ሳያውቁም ያደባልቁታል። ጃፓኖች ከ1980 ጀምሮ ኤፍኤፍዩ የሚባል ስሊፐር ይጠቀማሉ። ረጃጅም የመስታወት ክሮች በፖሊዩሬቴን አረፋ ተይዘው የሚሠራ ነው። መጀመሪያ የተነጠፉት ከ30 ዓመት በኋላ ተነስተው ሲመረመሩ አሁንም ለአገልግሎት ብቁ ሆነው ተገኝተዋል። ድንቅ ውጤት ነው። ግን ያ ቁስ ከአዲስ ጥሬ ዕቃ የሚሠራ ነው እንጂ ከተጣለ ፕላስቲክ አይደለም። ክሮቹም ከዳር እስከ ዳር የተዘረጉ ናቸው። የኤፍኤፍዩን መረጃ ይዞ ሪሳይክል የተደረገ ስሊፐር የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ፣ የራሱን መረጃ እንዲያመጣ ጠይቁት።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ስለ ፕላስቲክ ስሊፐር እያሞገሰ ስብራቱን የማያነሳ ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ተሰብሯል። መካከሉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ምስማር የገባበት ላይ ተፈልጧል። የአሜሪካ ፌዴራል የባቡር አስተዳደርም ጉዳዩን ሲያስጠና የቆየው ለዚህ ነው። እኔ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝም ስብራቱ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው መከላከል የሚቻል ነበር።

አብዛኛው ችግር የሚጀምረው ከቀዳዳው ነው። እንጨት ላይ ምስማር በመዶሻ ሲመታ ቃጫው ገለል ብሎ ቦታ ይሰጠዋል፣ መልሶም ያጠብቀዋል። ፕላስቲክ ቃጫ የለውም። አስቀድሞ ቀዳዳ ሳይበሳለት ምስማር በኃይል ከገባበት ዙሪያውን ተወጥሮ ይቀራል። ውጥረቱ አይታይም። ቅዝቃዜ ሲመጣና ፕላስቲኩ በቀላሉ ተሰባሪ ሲሆን፣ ከዚያ ነጥብ ተነስቶ ስንጥቅ ይሮጣል። ብሎኑን ከልክ በላይ ማጥበቅም ያው ነው። ይባስ ብሎ ይህ ቦታ ሀዲዱ የሚቀመጥበት፣ ጭነቱ ሁሉ የሚያርፍበት ነው። እንጨት እያስጠነቀቀ ሲደክም፣ እንዲህ ያለው ስሊፐር ድንገት ለሁለት ሊከፈል ይችላል። መፍትሔው ግን ከባድ ምርምር አይፈልግም። ትክክለኛ የድሪል ልክ፣ የማጥበቂያ ኃይል ገደብና ይህን የሰለጠነ የጥገና ቡድን ይፈልጋል። እንጨት ሲመታ የኖረ ቡድን ፕላስቲክ ተሰጥቶት "በል ንጠፍ" ከተባለ ጥፋቱ የቡድኑ አይደለም።

ቀጥሎ ያለው ችግር ከውጭ አይታይም። ስሊፐር ወፍራም ነው፤ በአሜሪካ ልክ 18 በ23 ሴንቲሜትር ገደማ ውፍረትና ስፋት አለው። የቀለጠ ፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ሲገባ ቀድሞ የሚቀዘቅዘው ውጪው ነው። ልቡ ገና ትኩስ ነው። ልቡ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ውጪው ግን ደርቋልና አብሮት አይመጣም። ውስጡ ባዶ ይሆናል። ከተጣለ ፕላስቲክ ሲሠራ ደግሞ እርጥበት፣ ወረቀት፣ የምግብ ቅባት፣ ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ አብሮ ይገባል። እርጥበቱ ሲሞቅ ጋዝ ይሆናል፤ እሱም ሌላ ባዶ ቦታ ነው። ዛሬ የመጣው ጥሬ ዕቃ ከትናንቱ አይመሳሰልም። ስለዚህ ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ስም፣ አንዱ ጠንካራ ሌላው ደካማ ስሊፐር ሊወጣ ይችላል። አንድ ናሙና ላቦራቶሪ ወስዶ "አልፏል" ማለት እዚህ ላይ ትርጉም የለውም። ከየምርት ዙሩ ስሊፐር ተመርጦ በመጋዝ መሃሉ መከፈት አለበት። ባዶ ቦታው ካለ ለዓይን ይታያል።

ሙቀትም አለ። ያልተጠናከረ ፖሊኤቲሊን በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። ሒሳቡን ሥሩት። በሌሊትና በቀን መካከል የስሊፐሩ ሙቀት በ40 ዲግሪ ቢለያይ፣ የ1,435 ሚሊሜትሩ ርቀት በ7 ሚሊሜትር ገደማ ሊለዋወጥ ነው። ጥቁር ስሊፐር ፀሐይ ላይ ከአየሩ ይልቅ በጣም እንደሚግል አትርሱ። የመስታወት ክር በትክክል የተጨመረበት ግን ይህን ልዩነት በብዙ ይቀንሳል። ስለዚህ "ምን ያህል ክር አለው? ክሩስ ወዴት ተዘርግቷል?" የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይሁን።

ግትርነቱንም በቁጥር እንየው። ጥሩ የኦክ እንጨት በግትርነት መለኪያው በጊጋፓስካል 10ና ከዚያ በላይ ይለካል። አሬማ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ የባቡር ምህንድስና ማኅበር ለኮምፖዚት የሚጠይቀው ዝቅተኛ ልክ ወደ 1.2 ጊጋፓስካል ነው። ልዩነቱ ሲያዩት ያስደነግጣል። ጠጠር ላይ ለሚተኛ ስሊፐር ግን ያን ያህል አያሰጋም፤ ጠጠሩ ከስሩ ደግፎታልና። ጠጠር በሌለው ድልድይ ላይ፣ ስሊፐሩ ከአንዱ የብረት ምሰሶ ወደ ሌላው በሚዘረጋበት ቦታ፣ ታሪኩ ሌላ ነው። እዚያ ስሊፐሩ ራሱ ድልድይ ነው። በብረት ዘንግ ወይም በረጅም ክር የተጠናከረው ዓይነት ካልሆነ አታስገቡት።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፍ። የስሊፐሩ ጎን ልሙጥ ከሆነ ጠጠሩ አይነክሰውም፤ ሸካራ ተደርጎ መሠራት አለበት። ፕላስቲክ ይቃጠላል። ክሪዮሶት የጠጣ እንጨትም ይቃጠላል፤ ቢሆንም ፕላስቲክ ቀልጦ ይንጠባጠባል፣ ጭሱም መጥፎ ነው። ሀዲድ ሲበየድና ሲሞረድ ከእሳት ፍንጣሪ ይከለል። በመሬት ውስጥ መተላለፊያ ውስጥ ደግሞ የእሳት ፈተና ያላለፈ ቁስ ፈጽሞ አይግባ። ሲቆረጥና ሲበሳ የሚወጣው ብናኝ ጠጠሩ ውስጥ ከቀረ ከጎርፍ ጋር ወደ ወንዝ ይሄዳል። ቀዳዳው ፋብሪካ ውስጥ ተበስቶ ቢመጣ ይሻላል፤ ካልሆነም ብናኙ ይሰብሰብ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አካባቢን ለመጠበቅ ብለን ለምናመጣው ዕቃ ግን ትንሽ አይደለም።

ይህን ሁሉ ጉድለት ዘርዝሬ አሁንም ግቡበት የምለው ለምንድን ነው? ቦታውን መምረጥ ስለሚቻል ነው። መኪና መንገድና ባቡር የሚገናኙበትን መሻገሪያ አስቡ። ስሊፐሩ ከአስፋልት ስር ተቀብሯል። ውኃው እዚያ ይጠራቀማል። እንጨቱ ሲበሰብስ አይታይም። ለመቀየር መንገዱ ይዘጋል፣ አስፋልቱ ይቆፈራል፣ ትራፊኩ ይጨናነቃል። የስሊፐሩ ዋጋ ከዚህ ሁሉ ወጪ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ጭቃ የሚያስቸግረው ረግረጋማ መስመር፣ ምስጥ የሚበዛበት አካባቢ፣ ባቡሮች ቀስ ብለው የሚንቀሳቀሱበት ግቢ፣ ሀዲድ መቀየሪያዎች ያሉበት ቦታ፣ እነዚህም እንዲሁ ናቸው። ሀዲድ መቀየሪያ ላይ የሚነጠፉት ረጃጅም እንጨቶች ለማግኘትም ከባድ ናቸው፤ ከትልልቅ ዛፍ ነው የሚወጡት፣ ብዙ ጊዜም ከሞቃት አገር ጠንካራ እንጨት። ፕላስቲክ የሚፈለገው ርዝመት ድረስ ይሠራል።

ስለዚህ ሰነዱን በዚህ መልክ እንድታዩት እለምናችኋለሁ። አንደኛ ነገር፣ "የታከመ ጠንካራ እንጨት" ብላችሁ ቁሱን ከመወሰን ይልቅ ስሊፐሩ ሊያሟላ የሚገባውን አፈጻጸም ጻፉ። ይህን ያህል ጭነት፣ ይህን ያህል ሙቀት፣ ምስማሩ ሲነቀል ይህን ያህል ኃይል በሉ። መስፈርት የለም የሚል ሰበብ ዛሬ አይሠራም። አይኤስኦ 12856 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ለፕላስቲክና ለኮምፖዚት ስሊፐር የወጣ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል በ2014 ወጥቷል፣ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ምርቱ እንዴት እንደሚፈተን ይናገራል። የአሬማ መመሪያም ምዕራፍ አለው። ከነዚህ ተነሱና የራሳችሁን የአየር ጠባይ ጨምሩበት። ውርጭ ካለባችሁ በውርጭ ይፈተን። ሐሩር ካለባችሁ በሐሩር።

ዋጋውን ደግሞ በግዢ ቀን አትመዝኑት። ኮምፖዚት ስሊፐር ሲገዛ ከእንጨት ይወደዳል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ግን የምትከፍሉት ለስሊፐሩ ብቻ አይደለም። ለሚያነሳው ማሽን፣ ለቡድኑ ደመወዝ፣ መስመሩ ለሚዘጋበት ሰዓት፣ አሮጌውን ለማስወገድ ትከፍላላችሁ። በአንድ ዓመት አገልግሎት ስንት ወጣ ብላችሁ አስሉት። አንዳንድ ቦታ እንጨቱ ያሸንፋል፣ አንዳንድ ቦታ ኮምፖዚቱ። ሒሳቡ የሚለውን ተቀበሉ።

ስለ "50 ዓመት" ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሪሳይክል ከተደረገ ፕላስቲክ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ስሊፐሮች ዕድሜ ገና 30 ዓመት ገደማ ነው። 50 ዓመት የሞላው አንድም የለም። ቁጥሩ በተፋጠነ ሙከራ የተገመተ ነው። ግምት ነውር የለውም፤ በግምት ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ ዋስትና ግን መታየት አለበት። በአሜሪካ ከነዚህ አምራቾች አንዳንዶቹ ከስረው ተዘግተዋል። የተዘጋ ፋብሪካ ዋስትና ማንም አይከፍለውም። ስለዚህ ዋስትናውን በባንክ ወይም በኢንሹራንስ አስይዙ። ከእናንተም ወገን የሚጠበቅ አለ። ዛሬ ብዙ ገዝቶ በሚቀጥለው ዓመት ዝም የሚል ገዢ ፋብሪካ ያከስራል። ትንሽም ቢሆን ለተከታታይ ዓመታት ውል ግቡ። አምራቹ ጥራቱን የሚያስተካክለው ነገም ገዢ እንዳለው ሲያውቅ ነው።

እያንዳንዱ ስሊፐር ላይ የተመረተበት ቀንና የምርት ዙሩ ቁጥር ተቀርጾ ይምጣ። አንዱ ሲሰበር ወንድሞቹ የት እንዳሉ የምታውቁት በዚህ ነው። በምን ያህል ሪሳይክል የተደረገ ፕላስቲክ እንደተሠራም ይገለጽ፤ ከየት እንደመጣም ጭምር። ይህን የምለው በምክንያት ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እንዳወጣው፣ በ2019 በዓለም ላይ 353 ሚሊዮን ቶን የፕላስቲክ ቆሻሻ ወጥቷል። ከዚያ ውስጥ ተመልሶ ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶው ብቻ ነው። አንድ ስሊፐር 100 ኪሎ ገደማ ቢመዝን፣ በኪሎሜትር 1,700 ስሊፐር ቢነጠፍ፣ አንድ ኪሎሜትር ሀዲድ 170 ቶን ቁስ ይይዛል። የዓለምን ቆሻሻ አይጨርስም። ግን ለተሰበሰበ ፕላስቲክ የማያቋርጥ፣ ትልቅና ረጅም ዕድሜ ያለው ገበያ ይሆናል፤ ሰብሳቢዎችና ፈጪዎች የሚቸግራቸው ደግሞ እንዲህ ያለ ገበያ ነው። አዲስ ፕላስቲክ ቀላቅሎ "ሪሳይክል" እያለ የሚሸጥ ካለ ይህ ጥቅም ይጠፋል።

መጨረሻውንም ከአሁኑ አስቡት። ስሊፐሩ ሲያረጅ ተፈጭቶ እንደገና ስሊፐር ሊሆን ይችላል። ይህ ከክሪዮሶት እንጨት ትልቅ ብልጫው ነው። ግን የመስታወት ክር ያለበት፣ ጎማ የተቀላቀለበት ወይም ብረት የገባበት ከሆነ እንደገና መፍጨቱ ይከብዳል፣ ልዩ መሣሪያም ይጠይቃል። ስለዚህ አምራቹ አሮጌውን መልሶ እንደሚወስድ ውሉ ላይ ይጻፍ። ዛሬ ካልተጻፈ፣ በኋላ መስመር ዳር የሚከመረውን ፕላስቲክ የሚያነሱት ከእናንተ ቀጥሎ የሚመጡት ናቸው።

የመጨረሻ ልመናዬ ይህ ነው። የምትነጥፉትን ተከታተሉ፤ ያገኛችሁትንም አሳትሙ። ስንት ተነጠፈ፣ ስንት ተሰነጠቀ፣ በስንት ዓመቱ፣ በምን ዓይነት ማሰሪያ፣ በምን የአየር ጠባይ። በአንዱ መስመር የታየው ስብራት ለሌላው መስመር ሳይደርስ ፋይል ውስጥ እየቀረ ነው፤ ሌላውም ያንኑ ስብራት እንደ አዲስ ይገዛዋል። ሙከራውን ለመጀመር ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ሁልጊዜ እንጨት የሚበሰብስባችሁን አንድ መሻገሪያ ምረጡ። ጎን ለጎን ሌላ መሻገሪያ ላይ አዲስ የታከመ እንጨት አስገቡ። በየዓመቱ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት መለኪያ ለኩ፤ ልኬቱንም የሀዲድ ጥገና ሠራተኞቹ እንዲያዩት በግልጽ ለጥፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
ስለ ሀዲድም ስለ ሠራተኛውም የሚገደው አንባቢያችሁ